ከታክሲ ሰልፉ አጠገብ ያለችው የመጽሐፍ ኪራይ ሱቅ

ስለ አንዲት ትንሽ ሱቅ ልጽፍላችሁ ነው። ስም የላትም። በሯ ላይ "መጽሐፍ ይከራያል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል" የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተንጠልጥሏል፤ ሌላ ማስታወቂያ የለም። ወርዷ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቷ ሦስት ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ናት። ባለቤቱ ግን ስማቸውም ሰፈሩም እንዲነሳ አልፈለጉም፤ እኔም ቃሌን ሰጥቻቸዋለሁ። ስለዚህ እንደ ደንበኞቻቸው ሁሉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻው ካልተነገረ ምን ይጠቅመናል እንዳትሉኝ። ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡና የሚያከራዩ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ይቺ ሱቅ በሰባት ወር ውስጥ ምን እንዳደረገችልኝ ስትሰሙ የራሳችሁን ሰፈር ዞር ዞር ብላችሁ ታያላችሁ ብዬ ነው።

የተገናኘነው በታክሲ ሰልፍ ምክንያት ነው። ከሥራ ስወጣ የምይዘው ታክሲ ወረፋው ረጅም ነው። ጥሩ ቀን ሃያ ደቂቃ፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ አንድ ሰዓት ያስቆማል። ሰልፉ ግድግዳውን ተከትሎ ሲታጠፍ ልክ በሱቋ በር ፊት ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ፊት ቆሜያለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ስልኬን እየነካካሁ። አንድ ቀን ባትሪዬ አለቀ። ቀና ስል መደርደሪያው ታየኝ። ከዳር በኩል አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ እናቴ መብራት አጥፊ ካለችኝ በኋላ አንሶላ ውስጥ ገብቼ በባትሪ ያነበብኩት ልብ ወለድ ቆሟል። ያው ሽፋን፣ ያው ቀለም። ሆዴ ባባ። ወረፋዬን ከኋላዬ ላለችው ልጅ አደራ ብዬ ገባሁ።

ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "ለትምህርት ነው ለደስታ?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም። "አላውቅም" አልኳቸው።

"እንግዲያውስ ለደስታ ነው። ለትምህርት የሚፈልግ ሰው ርዕሱን በወረቀት ጽፎ ይዞ ነው የሚመጣው" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልነግራችሁም። ምክንያቱም እኛ ቤት ማንበብ ማለት ማጥናት ነበር። "ልጅቷ እያነበበች ነው" ከተባለ ፈተና ደርሷል ማለት ነው። ልብ ወለድ ይዤ ከተገኘሁ ግን "ደብተርሽን አትይዢም?" ነበር የምባለው። ከዚያ ማትሪክ መጣ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ በእስክሪብቶ እየተሰመረበት የሚሸመደድ ሃንድአውት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ልጅ። መቼ እንዳቆምኩ እንኳ ልብ አላልኩም። አሥራ አራት ዓመት ገደማ አንድም መጽሐፍ ለራሴ ስል አላነበብኩም። በቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ፊደል ላይ እንደማፈጥ ግን ቁጠሩት፤ ሪፖርት፣ ኢሜይል፣ የቴሌግራም ግሩፕ፣ የፌስቡክ ክርክር። ዓይኔ ሲያነብ ይውላል፣ እኔ ግን አላነብም።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። መጀመሪያ ስትከራዩ 300 ብር መያዣ ታስይዛላችሁ። ኪራዩ በሳምንት 40 ብር ነው። ካሳለፋችሁ በቀን አምስት ብር ይጨመራል። መታወቂያ አይጠየቅም። ስማችሁና ስልካችሁ በአንድ ወፍራም ባለ መስመር ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ስትመልሱ ይሰረዛል፣ አለቀ። መያዣውን በፈለጋችሁ ቀን ትወስዳላችሁ፤ እኔ አንዴ ቸግሮኝ ወስጄ ነበር፣ ቅር ሳይላቸው ነው የሰጡኝ። እንደው ለማነጻጸር ባለፈው ወር አንድ አዲስ ልብ ወለድ 600 ብር ገዝቻለሁ። በዚያ ብር እዚህ አሥራ አምስት ሳምንት አነባለሁ። 40 ብር ዛሬ አንድ ማኪያቶ እንኳ በቅጡ አያጠጣም።

የመጽሐፉ ዓይነት ሰፊ ነው አልልም። ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ ያህል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አብዛኛው በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ያወጣቸው ወረቀታቸው ወይቦ ቡና የመሰለ ልብ ወለዶች ናቸው፤ ትርጉም የወንጀል ታሪኮች አሉ፣ የአጭር ልብ ወለድ መድበሎች አሉ፣ ተውኔት አለ፣ ግጥም አለ፣ የሰዎች የሕይወት ታሪክ አለ። ከሽፋኑ ጀርባ የሌላ ሰው ሕይወት ታገኛላችሁ። አንዱ ላይ "ለልደትሽ፣ ሁልጊዜም" የሚል አለ፣ 1983 ዓ.ም.። አንዱ ውስጥ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት እንደ ዕልባት ተቀምጦ አገኘሁ፤ ገጽ 112 ላይ። ያ ሰው ከዚያ ወዲያ ቀጥሎ ይሆን ብዬ አንድ ምሽት ሙሉ ሳስብ ነበር።

ሱቋን ከሌላ መጽሐፍ ቤት የሚለያት ግን ዋጋው አይደለም። ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው። "ሠላሳ ገጽ ሞክሪው። ካልሳበሽ መልሺው፤ ሌላ እሰጥሻለሁ፣ ኪራዩ አይቆጠርም።" መጀመሪያ ስሰማው ለንግድ የማይመች ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መጽሐፍ ለሚያከራይ ሰው ከዚህ የተሻለ አሠራር ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አብዛኞቻችን የጀመርነውን መጽሐፍ ሳንጨርስ መተው ነውር ይመስለናል። ትምህርት ቤት ያስለመደን ነገር ነው፤ የተሰጠህን ትጨርሳለህ፣ ደስ አለህም አላለህም። እና አንድ የማይስማማን መጽሐፍ እጃችን ላይ ይወድቃል፣ ገጽ 40 ላይ እንጣበቃለን፣ ለመተው እናፍራለን፣ ለመቀጠልም አንችልም። በመጨረሻ መጽሐፉን ሳይሆን ማንበብን ራሱን እንተወዋለን። ለደስታ የሚነበብ ነገር ደስታ ካልሰጠ መመለስ ይቻላል የሚል ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ለእኔ የሰጡኝ ጋሼ ናቸው። በሰባት ወር ውስጥ አራት መጽሐፍ ሳልጨርስ መልሻለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ጨርሻለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሥረኛ ክፍል በሁለት ሌሊት የጨረስኩትን መጽሐፍ ከአራት ገጽ በላይ መሄድ አቃተኝ። እጄ በራሱ ወደ ስልኬ ይሄዳል። አንድ አንቀጽ አነባለሁ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቷል። ደነገጥኩ። አእምሮዬ የሆነ ነገር የሆነ መሰለኝ። ለጋሼ ስነግራቸው አልተገረሙም፤ ደብተራቸውን ከፍተው "ሁሉም ሲመለስ እንዲህ ነው የሚለኝ" አሉና አጭር ልብ ወለድ ሰጡኝ፣ እያንዳንዱ ታሪክ ሰባት ስምንት ገጽ። "በአንድ ታክሲ ሰልፍ አንድ ታሪክ ትጨርሻለሽ።" እንዳሉትም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሰልፉ ሲያልቅ ማዘን ጀመርኩ። ረዳቱ "ግቡ! ግቡ!" ሲል አንድ ገጽ ብቻ ቀርቶኝ የሚቀጥለውን ታክሲ የጠበቅኩበት ቀን አለ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ለውጦች ስጽፍ ማጋነን አልፈልግም፤ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ። እንቅልፌ ተስተካከለ። ድሮ ስልክ ይዤ እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት እገላበጥ ነበር፣ ተኝቼም ልቤ አያርፍም፣ የሰው ሁሉ ጠብ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጮኻል። መጽሐፍ ይዤ ስተኛ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጽሐፉ ከእጄ ይወድቃል።

ሁለተኛው አማርኛዬ ነው። ይሄ ያልጠበቅኩት ነው። የቢሮ ቋንቋ እንዴት እንደሚያደርቅ ታውቃላችሁ፤ "ከዚህ አንጻር"፣ "አቅጣጫ ተቀምጧል"፣ "በተቀመጠው መሠረት"። ቀኑን ሙሉ ይህን ስንጽፍ ውለን ቤት ገብተን ለልጆቻችን የምናወራውም እሱኑ መምሰል ይጀምራል። ልብ ወለድ ውስጥ አያቴ ትላቸው የነበሩ ቃላት ጠበቁኝ። በር "ገርበብ" ይላል። ሰው "ውል ይለዋል"። ዓይን "ይንከራተታል"። ልጅ "ይቦርቃል"። አንድ ጊዜ "ውል አለችኝ" የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ መጽሐፉን አስቀመጥኩት፤ አያቴ ራሷ ውል አለችኝ። ይቺን ቃል ከእሷ ሞት ወዲህ ከማንም አፍ አልሰማኋትም ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ትንሽ አመንትቼ ነበር፣ ግን እጽፈዋለሁ። ከባለቤቴ እናት ጋር ለዓመታት ሆድና ጀርባ ነበርን። ያነበብኩት አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ግትር፣ ተናጋሪ፣ ምራቷን የምታሳርር አሮጊት አለች። መጀመሪያ ላይ ጠላኋት። ደራሲው ግን ቀስ እያለ ወደ ውስጧ ያስገባችኋል፤ በልጅነቷ የተዳረችበትን ቀን ታያላችሁ፣ የሞቱባትን ልጆች ታያላችሁ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያለ ብቻዋን የምትበላበትን ምሽት ታያላችሁ። መጽሐፉን ስጨርስ ሰባት ሰዓት ሌሊት ነበር። በማግስቱ ደወልኩላቸው። ምንም ትልቅ ነገር አልተናገርኩም፤ "እማማ እንዴት አደሩ?" አልኳቸው፣ እሳቸውም ደንግጠው "ምን ተፈጠረ?" አሉኝ። አሁን በሳምንት ሁለቴ እንደዋወላለን። ማንም ምክር መክሮኝ ያላደረግሁትን አንድ 200 ገጽ ልብ ወለድ አስደረገኝ። ሰው ሲመክራችሁ ትከራከራላችሁ። ታሪክ ውስጥ ስትገቡ ግን የምትከራከሩት ሰው የለም።

ጥናት የሚወድ ጓደኛ አለኝ፤ ይህን ሁሉ ሳወራለት "ያንቺ ስሜት ነው፣ ማስረጃ አለሽ ወይ?" አለኝ። ፈልጌ አነበብኩ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያኑ በ2016 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ 3,635 አሜሪካውያንን የ12 ዓመት መረጃ አይተዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጽሐፍ አንባቢዎቹ የመሞት ዕድላቸው ከማያነቡት በ20 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የትምህርት ደረጃን፣ ሀብትን፣ ጤናን ከሂሳብ አስገብተውም ነው። ጋዜጣና መጽሔት ማንበብ የመጽሐፍን ያህል ልዩነት አላመጣም። እርግጥ እንዲህ ዓይነት ጥናት "ያነበበ ስላነበበ ብቻ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራል" ብሎ መደምደም አያስችልም፤ የሚያነብ ሰው በሌላም ነገር ሊለይ ይችላል። ይህን ራሴ ነው ለጓደኛዬ የነገርኩት። እኔ ለረጅም ዕድሜ ብዬ አይደለም የማነበው፤ የሚያነበው ሰው ዕድሜ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ግን አሁን አውቃለሁ።

እናቴን ሳላነሳ አላልፍም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በትልቅነቷ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ አልተወለድኩም፣ እሷ ግን ታላቅ ወንድሜን አዝላ ሄዳ ነው የተማረችው። የመጽሐፍን ጣዕም ግን በጆሮዋም ታውቀዋለች። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው የሰፈሩ ሰው አንድ ሬዲዮ ከብቦ እንዴት ያዳምጥ እንደነበር፣ ቡና ተፈልቶ ማንም ሳያወራ እንዴት እንደሚቀዳ፣ ሴቶቹ ለሰብለ ወንጌል እንዴት እንዳለቀሱ ዛሬም ስትተርክ ድምፁን ልታስመስል ትሞክራለች። እና እናቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ዳዊቷን ትደግማለች፣ ሌላ መጽሐፍ ግን ቤቷ የለም። "መጽሐፍ ላምጣልሽ?" ስላት "ምን ልታደርጊኝ፣ ልፈተን ነው?" አለችኝ። አያችሁ፣ እሷም ጋር ያው ፈተና ነው ያለው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ከላይኛው መደርደሪያ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ የገጠር ሕይወት የሚተርክ ልብ ወለድ አወረዱና "ኪራይ የለውም፣ ለእናት ነው" አሉኝ። አመጣሁላት። እናቴ በልቧ ማንበብ አልለመደችም፣ ሲያስተምሯት ድምፅ አውጥታ ነው ያነበበችው፣ ዳዊቷንም ድምፅ አውጥታ ነው የምትደግመው። ልብ ወለዱንም እንደዚያው ጀመረችው፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ቃሉን እየለየች፣ ነጥብ ላይ ስትደርስ እያረፈች። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ከሳሎኑ ማዶ ታብሌት ላይ ነበረች። በሁለተኛው ምዕራፍ ታብሌቱ ተቀመጠ። በሦስተኛው አያቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላለች። በአራተኛው "አያቴ ቆይ፣ እኔ ላንብበው፣ አንቺ ደክሞሻል" አለች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ በተራ ያነባሉ። እኔ ወጥ እየሠራሁ ከማጀት አዳምጣለሁ። ሽንኩርት ነው ብዬ ዓይኔን የጠረግሁባቸው ቅዳሜዎች አሉ።

ስለ ልጆች ካነሳሁ አይቀር፣ የሱቋ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። የልጆች መጽሐፍ የላትም ማለት ይቻላል። አንዲት ካርቶን ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ተረቶች አሉ፣ ግማሾቹ ሽፋን የላቸውም፣ የቀሩት ላይ ልጅ ስሎባቸዋል። ይህ የሚያናድደኝ ጋሼ ላይ አይደለም፤ በአማርኛ ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ትምህርት ለመስጠት ሳይሆን ለማዝናናት የተጻፈ መጽሐፍ ሲፈለግ ይጠፋል። ያለውም መጨረሻ ላይ "ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?" የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ልጄ ትምህርት ቤት አንድ ታሪክ ባነበበች ቁጥር ማጠቃለያ ጻፊ ትባላለች፤ በዚህ የተነሳ ታሪክ ሲሰጧት ገጹን ሳይሆን ማጠቃለያውን ነው የምታስበው። ከወላጆች ጋር ስንወያይ ይህን አንስቼ ነበር። "ታዲያ ማንበቧን በምን እናውቃለን?" ነበር መልሱ።

በምን እንደሚታወቅ የሚነግር አንድ ጥናት አለ። ብሪታንያ ውስጥ እንደ አውሮፓውያኑ በ1970 በአንድ ሳምንት የተወለዱ ልጆችን ተመራማሪዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲከታተሉ ቆይተዋል። የለንደን ተመራማሪዎች ከእነሱ መካከል የ6,000 ያህሉን ውጤት አይተው እንደ አውሮፓውያኑ በ2013 ይፋ እንዳደረጉት፣ ከ10 እስከ 16 ዓመታቸው ለደስታ ብለው ያነበቡ ልጆች ከማያነቡት ይልቅ በቃላት ዕውቀት፣ በስፔሊንግ፣ በሒሳብም ጭምር የበለጠ ተራምደዋል። ልዩነቱ የወላጆች የትምህርት ደረጃ ከሚያመጣው ልዩነት በላይ ሆኖ ነው የተገኘው። ይህን ለወላጆች ልንገር ብዬ ነው ያነሳሁት፤ ልብ ወለድ የያዘን ልጅ "ደብተርሽን ያዢ" ከማለታችን በፊት እንድናስብ።

ትልልቅ ቤተ መጻሕፍትም አሉን። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ፣ ከፓርላማ ፊት ለፊት፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት አለ፤ ብርሃኑ፣ ስፋቱ፣ ጸጥታው ልብ ይሞላል፣ ያልሄዳችሁ ሂዱ። በሄድኩባቸው ቀናት ቦታው በወጣት ሞልቶ ነበር፣ ደስ ይላል። ግን ጠረጴዛዎቹን እያየሁ ዞርኩ፤ ኬሚስትሪ፣ አካውንቲንግ፣ የመውጫ ፈተና ጥያቄዎች። መብታቸው ነው፣ ቤት ውስጥ ለጥናት የሚሆን ጸጥታ የት አለና። እኔ ግን ልብ ወለዴን ይዤ መሃላቸው ስቀመጥ የፈተና አዳራሽ ውስጥ ቆሎ የምበላ መሰለኝ። ለደስታ ማንበብ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ምጣድ እስኪግል ድረስ የሚሆን ነገር ነው፤ ለዚያ የሚስማማው ወደ ቤት ይዛችሁት የምትሄዱት መጽሐፍ ነው። ለዚህ ነው ሁለት በሦስት የሆነች ሱቅ ለእኔ ከትልቅ አዳራሽ በላይ የጠቀመችኝ።

ሌሎቹን ጉድለቶች ቶሎ ቶሎ ልበል። ብርሃን የለም፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የስልክ መብራት ያስፈልጋል። አቧራ አለ፣ አስም ያለባችሁ በር ላይ ሆናችሁ ርዕስ ንገሯቸው፣ ያወጡላችኋል። ለቅሶ ወይም ዕድር ካለባቸው ሳይናገሩ ይዘጋሉ። ተፈላጊ መጽሐፍ ወረፋ አለው፤ አንዱን አምስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። በቅርብ ዓመታት የታተመ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ እዚህ አታገኙም። ሴቶች የጻፏቸው ልብ ወለዶች ቁጥር ያሳዝናል፤ ነግሬያቸው "አምጪና እገዛለሁ" ብለውኛል፣ ሁለት ወስጄላቸዋለሁ።

አንድ የማደንቀው ነገር በፎቶ ኮፒ የተባዛ የሌብነት ቅጂ ሱቃቸው አይገባም። ርካሽ ነው ብሎ ያመጣላቸውን አዟሪ ሲመልሱት አይቻለሁ። "ጸሐፊው ልጅ አለው" ነው ያሉት። ኪራይም ቢሆን ለደራሲው ሳንቲም እንደማያስገባ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቁታል። ስለዚህ እኔ ለራሴ ያበጀሁት ነገር በሁለት ወር አንዴ፣ በሕይወት ካለ ደራሲ አንድ አዲስ መጽሐፍ በሙሉ ዋጋው ከመደብር መግዛት ነው። አንብቤ ስጨርስ ለጋሼ እሰጣቸዋለሁ። በዚህ ሳምንት የሰጠኋቸው ገና ከመደርደሪያ ሳይወጣ ሦስት ሰው ደብተሩ ላይ ተመዝግቦለታል።

ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ጉዳይ ቀርቷል፤ ይህ ከሁሉም በላይ የተናደድኩበትም ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ልብ ወለድ እያነበብኩ፣ ልጁ ከእስር ተፈቶ የእናቱን በር ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ገጹ አለቀ። መጨረሻው ተገንጥሏል። በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ተናድጄ ገባሁ። ጋሼ ቅጠል የመሰለውን መጽሐፍ አገላበጡና "ይቺ አምልጣኛለች፣ ይቅርታ ልጄ" አሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ሥር አንድ ብረት ሳጥን ሳቡ። ውስጡ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የተሞሉ ወረቀቶች ነበሩ። ገጽ የጎደለበት መጽሐፍ ሲገጥማቸው ሙሉውን ከሌላ ሰው ይዋሱና የጎደለውን በእጃቸው ገልብጠው ይለጥፉበታል። ስንት ዓመት እንደሠሩት አልነገሩኝም። መደርደሪያው ላይ እንዲህ የተጠገኑ ከሠላሳ በላይ መጻሕፍት አሉ፤ ካላስተዋላችሁ ሕትመቱ የት አልቆ እጃቸው የት እንደጀመረ አይታወቃችሁም፣ የመስመሩን ቁጥር እንኳ ጠብቀው ነው የሚጽፉት።

"ያንቺን አልጻፍኩትም። ዓይኔ እየደከመ ነው፣ ማታ አልችልም" አሉኝ።

ሙሉው ቅጂ ያለበትን ቤት ነገሩኝ፤ የድሮ ደንበኛቸው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ሄድኩ፣ ቡና አጠጥተው፣ መጽሐፉ ከቤት እንዳይወጣ አደራ ብለው የምገለብጥበት ጠረጴዛ ሰጡኝ። የጎደለው አሥራ አንድ ገጽ ነው። ሦስት እሑድ ሄጃለሁ። ልጁ በሩን አንኳኩቷል፣ እናቱም ወጥታለች። ሁለት ገጽ ይቀረኛል፤ ከእኔ በፊት የተከራዩት ሁለት ሰዎችም መጨረሻውን እየጠበቁ እንደሆነ ጋሼ በየቀኑ ያስታውሱኛል።